በቁሟ የወጣ ተዝካር

ይህን ነገር በሠርግ ቤትና በገበያ መንገድ ላይ እንደ ቀልድ ሲያወሩት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዱ «የገዛ ተዝካሯ ላይ ደረሰች» ይላል፤ ሌላው «ደርሳም ጠላውን ጠጥታለች» ብሎ ይጨምርበታል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። አንድ ጊዜ መካነ ሰላም ከተማ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ፣ ይህንኑ የሚያወራ ጎረምሳ ከመሀል አቋርጬ «ሴትዮዋን ታውቃታለህ?» አልኩት። «አላውቃትም፣ አባባ» አለኝ። «እንግዲያው ዝም በል» አልኩትና ተነሥቼ ወጣሁ። ባለሠርጉ ተቀየመኝ። ይቀየም። እኔ አውቃታለሁ፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር።

ይታይሽ ትባላለች። ባሏ አራጌ የልብ ወዳጄ ነበር፤ ጎበዝ አራሽ፣ ቀልደኛ፣ ያልተበደረ ያልተለቃ ሰው። ሐረግ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በስልሳ አምስት በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም እንደ እንግዳ ሰው ብቅ ብሎ ተመለሰ። አንደኛው በሬያቸው ሣር ፍለጋ ገደል አፋፍ ላይ ወድቆ እዚያው ቀረ። ሁለተኛውን አራጌ መካነ ሰላም ገበያ አውጥቶ በጥቂት ቁና ገብስ ለወጠው። ገብሱም አለቀ፤ ትኩሳት መጣ፤ አራጌም ሞተ። ለመግነዝ የሚሆን አቡጀዲ ከየት ይምጣ? በገዛ ጋቢው ጠቅልለን ቀበርነው። አገሩን የሚገዙት ሰዎች በዚያን ጊዜ ነውር ብለው የቆጠሩት ረኀቡን አልነበረም፤ ረኀብ አለ መባሉን ነበር። ይህን እስክሞት ድረስ አልረሳውም።

ይታይሽ መሬት ነበራት፤ በሬ አልነበራትም። በእኛ አገር በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለባለ በሬ ለእኩል ይሰጣል፤ ሌላው አርሶ ዘርቶ እኩሌታውን ይወስዳል። ሴት ደግሞ ባል የሞተባት ስትሆን እኩሌታውም እኩሌታ አይሆንም፤ አውድማ ላይ ማን ይከራከርላታል? ስለዚህ አንድ ቀን ወደ እኔ መጥታ «አያ አምባቸው፣ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ጅቡቲ። ጥማድ በሬ የምገዛበት ሳላገኝ አልመለስም።»

«ልጅቱስ?»

«ለወንድሜ ለቢተው ሰጥቻለሁ። አንቱም በአጥሩ ላይ ይዩልኝ።»

ደሴ ድረስ በእግሯ ሄደች። ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ አሰብ ገባች፤ ከአሰብም በጀልባ ተሻገረች። ስትሄድ የለበሰችው አንድ ቀሚስና እናቷ የፈተለችላት መቀነት ነበር። መቀነቱ ጫፉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ነበረው፤ በቀዬው ሁሉ ሰው ያውቀው ነበር።

ጅቡቲ ያኔ በፈረንሳዮች እጅ ነበረች። ይታይሽ የወታደር ልብስ የምታጥብ ሆነች። የወሎ ልጆች በቆርቆሮ ቤት ተጠጋግተው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ከባቲ የመጣች ፈንታዬ የምትባል ሴት አስጠጋቻት። መጀመሪያ አካባቢ ሙቀቱ አሳብዷት እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። የደጋ ሰው ናት፤ ያ አገር ግን ንፋሱ ሳይቀር ከምድጃ የወጣ ነው። ቆዳዋ ተላጠ፣ እንቅልፍ አጣች፣ «ነገ እመለሳለሁ» እያለች ወር አለፈ። ከዚያ ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም ይሉ የለም? እኔ ግን ይታይሽ ሙቀቱን የለመደችው በሬ ስለምታስብ ነው እላለሁ።

ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። የመንገድ ላይ ቧንቧ ውሃ የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው፤ ጣሳዋን ይዛ ትሰለፋለች። ፀሐይ ሳትበረታ ታጥባለች። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ እሷ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች፤ ያን ሰዓት ሌላው ሥራ ስለማይወደው ዋጋው ይሻላል። ማታ ያን ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ ትገዛለች፤ ግማሹን በሻይ ትበላና ግማሹን ለጠዋት ታስቀምጣለች። ሌሎቹ ሴቶች ሽቶና የሐር ሻሽ ሲገዙ እሷ ያችኑ ቀሚስ እየጠቀመች ትለብሳለች። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ከዚያ በላይም የምትጾመው ጾም ነበራት።

ፈንታዬ ይታይሽ የገባችበት እቁብ ዳኛ ነበረች፤ ምላሷ ደግሞ ምላጭ። «አንቺ፣ ይሄ ጾምሽ ለነፍስሽ ነው ለበሬሽ?» ትላታለች።

«ለሁለቱም ነው።»

«ወላሂ፣ አንቺ ባል ቢመጣልሽም መጀመሪያ የምታዪው ጥርሱን ሳይሆን ቀንዱን ነው!»

«ቀንዱ ካማረማ አገባዋለሁ» ትላለች ይታይሽ፤ ካውያዋን ሳታቆም። ሴቶቹ እስኪፈነዱ ይስቃሉ። እሷ ግን ስትተኩስ የምታስበው እውነትም በሬ ነው። አንደኛው ቀይ ይሆናል፣ ትከሻው ሰፊ፤ ሁለተኛው ምንም ይሁን፣ ከቀዩ ጋር ቁመቱ ይተካከል። ይህን ስትነግረኝ እጇ በአየር ላይ የበሬ ጀርባ ይዳብስ ነበር።

በስልሳ ሰባት የካቲት ሻይ ቤት የሚከፈተው ሬዲዮ መሬት ላራሹ ሆነ ብሎ ነገራቸው። የሰፈሩ ሰው እልል አለ። ይታይሽ ግን ጭንቅ ያዛት። «መሬት ለአራሽ ከሆነ፣ አራሽ ማለት በሬ ያለው ነው። እኔ እስክመለስ መሬቴን ለባለ በሬ ሰጥተው ይጠብቁኛል» አለች። ስለዚህ የእቁብ ዕጣዋ በስልሳ ስምንት መባቻ ሲደርስላት ገንዘቡን አላሳደረችውም። በሬዎቹ ቀድመው ይግቡ፣ እኔ ለዘርና ለቤት ክዳን የሚሆን ሠርቼ እከተላለሁ ብላ አሰበች። ምን ክፋት አለበት? እስከ ዛሬ ባስበው ክፋቱ አይታየኝም።

ጀብሪል የሚባል የመካነ ሰላም ነጋዴ ነበር። ማርና ቅቤ ወደ አሰብ ይወስዳል፣ ጨርቅ ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ጅቡቲ ይሻገራል። አደራ የማይበላ ሰው ነው። ይታይሽ ፍራንኩን በብር አስለውጣ፣ መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ፣ ገንዘቡን በጥለቱ በኩል ቋጥራ ሰጠችው።

«ለቢተው ይስጡልኝ። ጥማድ በሬ ይግዛበት። አንዱ ቀይ ይሁን። ጥርሳቸውን ሳያይ እንዳይገዛ። የእኔ ለመሆኑ ምልክቱ ይኸው መቀነቴ ነው።»

«አማና ነው» አላት ጀብሪል። «ኢንሻ አላህ ከእጄ ወደ እጁ።»

ከእጁ ወደ እጁ አልሆነም። ያን ዓመት ነጋዴ ሁሉ አሻጥረኛ ይባል ነበር። ደሴ መግቢያ ላይ ፍተሻ ቆሞ ነበር፤ ጨርቁን ሲያዩበት ጀብሪልን ከመኪናው አወረዱት። ሲያወርዱት፣ መቀነቱን ለመኪናው ረዳት አቀበለውና «የይታይሽ ነው፤ ለወንድሟ ለቢተው» ብቻ ለማለት ደረሰ። ረዳቱ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ ደግ ልጅ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ያን የተሰባበረ መንገድ አልፎ መካነ ሰላም ገባ፤ ከከተማውም በእግሩ እኛ ድረስ መጣ። ከአደራው ሳንቲም አላጎደለም። እንግዲህ እዩ፣ እስከዚህ ድረስ የበደለ ሰው የለም፤ ጀብሪልን ካሰሩት በቀር።

የኅዳር መጨረሻ ነው። ቢተው ገብስ ይወቃ ነበር፤ እኔም አግዘዋለሁ። ልጁ አውድማው ዳር ቆሞ ሰላምታ ሰጠና መቀነቱን ዘረጋ።

«ምንድን ነው?» አለ ቢተው።

«የይታይሽ ነው።»

ቢተው ጥለቱን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «እሷስ? እሷስ የት አለች?»

«እኔ አላውቅም። ጀብሪል ነው የሰጠኝ፤ እሱንም ወሰዱት።»

«ምን ብሎ ሰጠህ?»

«የይታይሽ ነው አለኝ። ሌላ አላለኝም።»

ቢተው መንሹን ወርውሮ ራሱን ይዞ ጮኸ። የሌላ አገር ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። በእኛ ዘንድ ሴት መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ ለመንገደኛ አትሰጥም። በሰው አገር የሞተች እንደሆነ ግን አጥበው የገነዟት ሰዎች መቀነቷንና ያላትን ቋጥረው ለወገን ይልካሉ። ከሞት በፊት የተላከ መቀነት ያየ በቀዬው አንድ ሰው አልነበረም።

«ቆይ እንጂ!» አልኩት። «ሞተች ያለህ ሰው አለ?»

«መቀነቷ መጣ አያ አምባቸው! ከዚህ ሌላ ምን ይበሉኝ? አፈሯን ጭነው ያምጡልኝ?»

ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ። ቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ተሰበሰበ፤ መቀነቱን በዘንግ ላይ ሰቅለው አለቀሱበት። የሐረግን ፀጉር ላጩት። ሙሾ አውጪዋ አልታዬ፣ በአገሩ እሷን የሚያህል አልነበረም፣ ድምጿ እስኪዘጋ አስለቀሰችን። እኔም አለቀስኩ።

ከለቅሶው በኋላ ገንዘቡ ቀረ። እዚህ ላይ ነው እኔ እስከ ዛሬ ደሜ የሚፈላው። «ለልጅቱ በሬ ይገዛላት፤ ወላጅ የሌላት ሆናለች» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረና «አምባቸው፣ የሙት ገንዘብ ቀንበር ልታሸክም ነው? ለነፍሷ ይዋል እንጂ» አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ገና ከረኀብ የወጣ አገር ነው፤ ሥጋ የሚባል ነገር ከቀመሰ የቆየ ሰው ነው ራሱን የነቀነቀው። ቢተው ቀማኛ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። «የእኅቱን ገንዘብ በላ እባላለሁ» ብሎ ሐሜት ፈራ። ሐሜት ፈርቶ ለሐሜተኛው አበላው።

ተዝካሩ በጥር ወጣ። በሬ ተገዛ፤ ቀይ በሬ። የቀረው ገንዘብ ለጌሾ፣ ለገብስ፣ ለበርበሬ ሆነ። ያን ቀን እኔ ደጎሎ ነበርኩ፤ የታመመች ልጄን ልጠይቅ ሄጄ። ብኖር ኖሮ እበላ ነበር፤ ስለዚህ አልበላሁም ብዬ አልኩራራም። ያልተዘመረ ያልተበላ ተዝካር ነበር የሚል ሰው አልሰማሁም፤ ሁሉም «እንዲህ ያለ አላየንም» አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ውበቱም ከካህናቱ ቀጥሎ ተቀምጦ በልቷል። በልቶ አፉን ከጠረገ በኋላ ደግሞ «ሟች መሬት አታርስም» ብሎ የይታይሽን መሬት ለሚስቱ ወንድም ሰጠው።

በስልሳ ዘጠኝ ታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን፣ ይታይሽ መካነ ሰላም ከመኪና ወረደች። ለቤቷ ክዳን የሚሆን ገንዘብ በጉያዋ ነበር፤ ለሐረግ ቀሚስ፣ ለቢተው ካኔተራ ይዛለች። የጎረቤት ሰው ብላ መጀመሪያ ያየችው አልታዬን ነው፤ ሽንኩርት ዘርግታ ትሸጥ ነበር።

«አልታዬ! እንደምን ከረማችሁ?»

አልታዬ አማተበች። «በስመ አብ! ማን ነሽ አንቺ?»

«ይታይሽ ነኝ። ምን ሆነሻል? ሙቀቱ ይህን ያህል ለወጠኝ?»

«ይታይሽንማ በጥር አወጣንላት!»

«ምን አወጣችሁላት?»

አልታዬ ሽንኩርቷን ጥላ ሮጠች። ይታይሽ ሳቀች፤ አልገባትም ነበርና። እየሳቀች ነው ወደ ቀዬው የመጣችው። እኔ ከአጥሬ ውስጥ ሆኜ አየኋት። ሐረግ መጀመሪያ ሸሸች፤ ኋላ እናቷን በጠረኗ ነው የለየቻት፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ይታይሽ የልጅቱን ገና በቅጡ ያልረዘመ ፀጉር ዳበሰች። «ፀጉርሽን ማን ቆረጠው?» አለች። ከዚያ ወደ በረቱ አየች። የቢተው አንድ ጥቁር በሬ፣ ጉራቻ የሚሉት፣ ብቻውን ቆሞ ያመሰኳል።

«በሬዎቼስ?»

ቢተው እግሯ ላይ ወደቀ።

«ተነሥ። በሬዎቼስ አልኩህ?»

«ለነፍስሽ ብለን ነው እኅቴ! ተዝካርሽን...»

«ነፍሴ አብራኝ ናት» አለችው። «የሌሉት በሬዎቼ ናቸው።»

አልጮኸችም። መሬት ላይ ተቀመጠች። ያመጣችለትን ካኔተራ ከቋጠሮዋ አውጥታ ዘረጋችው፤ አየችው፤ መልሳ አጥፋ ከተተችው። ያን ካኔተራ ቢተው ለብሶት አያውቅም።

እሑድ የገበሬ ማኅበሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ይታይሽ መጣች፤ እኔም ከጎኗ ሄድኩ። ጀብሪልም ከእስር ወጥቶ ነበር፤ ወሬውን ሰምቶ ከከተማ በበቅሎ መጣ። ጨርቁን ወርሰውበታል፣ ከስቷል። ገና ሰላምታ ሳይሰጥ «አማናዬ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። የሆነውን ስንነግረው «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አለና «ከእኔ እጅ ነው የጠፋው፤ እኔ እከፍላለሁ» አለ።

«አንቱ አልበሉም» አለችው ይታይሽ። «አንቱማ ታስረውበታል። የበላ አለ፤ እሱ ይክፈል።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ተዝካሬን የበላ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም። ሳሩን የሚነጭ ሳሩን ይነጫል፤ ነጠላውን የሚያስተካክል ያስተካክላል። ያ ሁሉ ሰው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ነውር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ዝምታ ያለ ነውር አላየሁም።

በመጨረሻ አልታዬ ተነሣች። «እኔ በልቻለሁ» አለች። «አልቅሼ ነው የበላሁት፤ ግን በልቻለሁ። ሁለት ጊዜም አስጨምሬያለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ አንዱ ተነሣ፤ ሌላው ተከተለ፤ ቀስ በቀስ ሸንጎው ቆመ። ውበቱ ብቻ ተቀምጦ ቀረ።

«ውበቱ» አልኩት። «ከካህናቱ ቀጥሎ ነበርክ ይሉኛል።»

«አያ አምባቸው፣ ተዝካር የአድኃሪ ልማድ ነው» አለኝ፤ ዐይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ። «ማኅበሩ አያውቀውም።»

«ሥጋውንስ ያውቀዋል?» አለችው ይታይሽ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ዋርካው ሰምቶ አያውቅም። ውበቱ ተቆጣ፤ ስለ አብዮትና ስለ ሥነ ሥርዓት ብዙ ተናገረ። ሽማግሌዎች ግን ያን ቀን አልለቀቁትም። የበላ ሁሉ እንደ አቅሙ እህል እንዲያዋጣ፣ በተዋጣው በሬ እንዲገዛላት፣ መሬቷም እንዲመለስላት ተፈረደ። ፍርዱ እንዲህ ነው፤ የተደረገው ግን ሌላ ነው። መሬት ተብሎ የተመለሰላት ከገደሉ አፋፍ ያለው ድንጋያማው ነው፤ ደኅናውን የውበቱ አማች አለቀቀም። እህሉን ግማሹ ሰው አዋጣ፤ ግማሹ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ፤ ውበቱ አንዲት ጣሳ ገብስ አልሰጠም። ሆድ ሲሞላ የተገኘው ሰው ሁሉ ዕዳ ሲመጣ ቤቱ አይገኝም። ያ እህል ተሸጦ፣ የቤት ክዳኗም ገንዘብ ተጨምሮበት የገዛው አንድ ወይፈን ነው። ጥማድ አይደለም። ያን ሁሉ ቀትር ተኩሳ፣ ያን ሁሉ ግማሽ ዳቦ በልታ፣ አንድ ወይፈን። ቤቷም በዚያ ክረምት አፈሰሰ።

አንድ በሬ ያለው ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ የአንዱንም የሌላውንም መሬት ተራ በተራ ያርሳሉ። ይታይሽ ከማን ጋር ትቀናጅ? እኔ ያኔ ሁለት በሬ ነበረኝ፤ «ከአንዱ ጋር አጣምሪው» አልኳት። «አይሆንም፤ ከጉራቻ ጋር ነው» አለች። ጉራቻ የቢተው በሬ ነው። ቢተው ደስ አለው፤ ታረቀችኝ ብሎ ነበር።

ለመጀመሪያው ቀን ቀንበርና ሞፈሩን ተሸክሞ ወይፈኑን ሊወስድ መጣ። «ስሙን ማን አልሽው?» አላት። አራሽ በሬውን በስሙ ጠርቶ ነው የሚያዝዘው።

«አልሞትኩም» አለችው።

«እ?»

«ስሙ ነው። አልሞትኩም።»

ቢተው ቀንበሩን አወረደ። «እባክሽ እኅቴ፣ በአራጌ አጥንት ሌላ ስም አውጪለት። አገር ይስቅብኛል።»

«አገር በልቶኛል፤ አሁን ደግሞ ይስማኝ» አለች።

ጠመደ። እኔም ያን ቀን ከታች ባለው መሬቴ ላይ እያረስኩ ነበር። ቢተው መጀመሪያ ወይፈኑን በሹክሹክታ ጠራው፤ ወይፈኑ ገና ለማዳ አልሆነም፣ ቆሞ ቀረ። ይታይሽ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «አልሰማህም፤ ጮክ ብለህ ጥራው!» አለችው። ጅራፉን አጮኸ፤ ወይፈኑ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ቢተው አንገቱን ቀና አድርጎ በሙሉ ድምፁ ጠራው። በየማሳው ያለው አራሽ ሞፈሩን አቁሞ ወደ አፋፉ አየ። ማንም አልሳቀም። ቢተውም ዐይኑን ከእርፉ ሳያነሣ «ሂድ አልሞትኩም! ዙር አልሞትኩም!» እያለ ያን ድንጋያማ መሬት እስከ ጀንበር መጥለቂያ አረሰላት።